ሃያ ኮሌታዎች ከሰቆጣ

ቤይሩት፤ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናትም አባትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአጎቴ ለጋሽ የኔሰው፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ደጅዎን ሰው አያሳጣው። እኔ ደህና ነኝ። ስልኩ አንድ ቀን ሲሠራ ሳምንት ይጠፋል፤ ሲገኝም እርስዎ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ወረቀት ይሻለናል። ይህችን የምታደርስልዎ ትግስት ትባላለች፤ እዚህ ጎረቤት ቤት ስትሠራ የነበረች የጋዝጊብላ ልጅ ናት፤ ጠቅልላ መግባቷ ነው።

አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁና አስቀድሜ ልናዘዝ። ስሸኝ የሰጡኝን ጥልፍ ቀሚስ ቆረጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስታምማት አሮጊት፣ ማዳም ናዲያ፣ በወጣትነቷ የታወቀች ዘናጭ ነበረች። ቁም ሣጥኗን የሞሉት የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተሰፉ ቀሚሶች ናቸው። ጨርቆቹን ቢያዩ! አንዱ ላይ ሰሃን የሚያክል ብርቱካንማ አበባ፣ አንዱ ላይ ክብ በክብ ውስጥ፣ አንዱ ላይ ዓይን የሚያጭበረብር ጥቁርና ነጭ መስመር። እዚህ እንዲህ ያለው የድሮ ልብስ ዛሬ ተመልሶ ተወዷል፤ ወጣቶቹ ከአዲሱ አስበልጠው ይፈልጉታል። ባለ አበባው ብብቱ ተቀዶ ነበርና «ጣይው» አለችኝ። አልጣልኩትም፤ አጭር ጃኬት አወጣሁበት። ለኮሌታው ግን የሚሆን ጨርቅ አጣሁ። የእርስዎ ቀሚስ ወገቡ ከጠበበኝ ቆይቷል። የደረቱን ጥልፍ ቆርጬ ኮሌታ አደረግኩት። ከመቁረጤ በፊት መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

ለብሼው ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንዲት ሴት መንገድ ላይ አስቆመችኝ። ሊና ትባላለች፤ የድሮ ልብስ እየጠገነችና እየለወጠች የምትሸጥ ባለ ሱቅ ናት። ኮሌታውን ዳበሰችና «ይህን ማን ሠራው?» አለች።

«አጎቴ።»

«በእጁ?»

«በእጁ።»

«እንግዲያው ስምንት ይሥራልኝ» አለችኝ፤ እዚያው መንገድ ላይ።

የእጅ ሥራ ብቻ ነው የምትቀበለው። እያንዳንዱ ልብስ ላይ የሠሪውን ስም በትንሽ ካርድ ጽፋ ታንጠለጥላለች። ስምዎ ቤይሩት ላይ ሊንጠለጠል ነው፣ አጎቴ! ክሩን ከትግስት ጋር ልኬያለሁ። ስለ ቀሚሱ ይቅር ይበሉኝ።

ልጅዎ ሶስና

ሰቆጣ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፤

የእናትሽ አምላክ ከፊትሽ እየቀደመ መንገዱን ያቅናልሽ። እኔ አለሁ፤ ብርዱም አለ።

ቀሚሱን ቆረጥኩ ብለሽ ትናዘዢያለሽ። ልብስ የሚሰፋው ሊለበስ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ብልና አይጥ ይካፈሉታል። ተፈትተሻል፤ ንስሐም የለብሽም።

ስምንቱን ኮሌታ ሠርቼ ልኬልሻለሁ። የወይን ሐረግ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ መሪጌታ ወልደ ኢየሱስ ብራና ላይ ሲስሉ አይቼ የያዝኩት። እሳቸው ቄስ ሊያደርጉኝ አስበው ነበር። እኔ ግን የመጽሐፉን ንባብ ትቼ የዳር ዳሩን ጌጥ ይዤ ወጣሁ።

የላክሽው ክር ጠንካራ ነው፤ ቀዩና ቡናማው ግን ተቀራረቡብኝ። ሌላ ጊዜ ራቅ ራቅ ያለ ቀለም ላኪልኝ። መርፌም ጨምሪበት፤ የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል፤ ሠሪዎቹ ምን እንዳሰቡ እንጃ።

ወሬ ካማረሽ፣ ከፊት ለፊቴ ያለው ሀይሉ የኮምፒውተር ጥልፍ መኪና አስገብቷል። መብራት ሲኖር ታታታ ሲል ይውላል። የእኔን የወር ሥራ በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። ድሮ «ጠላፊው የኔሰው» ሲሉኝ፣ የሰው ልጅ የጠለፍኩ እየመሰለው እንግዳ ይደነግጥ ነበር። አሁን ጠላፊው ሀይሉ ሆኗል። «መኪናህ ነፍስ የለውም» ብዬዋለሁ፤ ከኋላው አይደለም፣ ፊት ለፊቱ ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ አቁመናል።

አጎትሽ የኔሰው

ቤይሩት፤ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ኮሌታዎቹ ደርሰው ሊና ጠረጴዛዋ ላይ ስትዘረጋቸው ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ትተው መጡ። ከስምንቱ በአንዱ ላይ ከአረንጓዴዎቹ ቅጠሎች መካከል ሦስቱ ሰማያዊ ሆነው አየሁ። እኔ ግራ ገባኝ፤ ሊና ግን ጨበጨበች። «ይሄ ሰው ደፋር ነው!» አለች። ያን ኮሌታ በማዳም ናዲያ የድሮ ነጭ ሐር ላይ ሰፋሁት፤ አንዲት ሙሽራ ለሠርጓ ለበሰችው። ሙሽራዋ ካርዱን በጥሳ አልጣለችም፤ ስምዎን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ ሄደች።

አሁን ሊና ሃያ ትፈልጋለች። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም የወይን ሐረግ፣ ለበጋው ሠርግ። እስከ ሰኔ ይደርሳል? ከከበደዎ ይንገሩኝ፤ እኔ እመልስላታለሁ። ቀዳዳው ሰፊ መርፌ ልኬያለሁ። መነጽርስ ልላክ እንዴ?

ልጅዎ ሶስና

ሰቆጣ፤ ግንቦት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፤

ሰላምሽ ይብዛ። ሃያውን ልኬያለሁ፤ ዛሬ በወልድያው አውቶቡስ ወጥቷል። መነጽር አያስፈልገኝም። ጽሑፌ መስመር ከሳተብሽ ወረቀቱ መጥፎ ሆኖ ነው።

አጎትሽ

ቤይሩት፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? ዝናቡስ ጣለ? ማዳም ናዲያ በሰኔ አረፈች። ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ የመጨረሻዋን ልብስ ያለበስኳትም እኔ ነኝ፤ ክብ በክብ ያለበትን፣ የምትወደውን። ልጆቿ ቤቱ እስኪሸጥ እንድጠብቅ አድርገውኛል፤ ልብሶቹንም ለእኔ ትተውልኛል።

ሃያዎቹ ኮሌታዎች ደርሰዋል። አንዱ ካንዱ በክር ፍሬ አይለይም። ቅጠሉ ሁሉ አረንጓዴ፣ ዘለላው ሁሉ ቀይ። አንድም ስህተት የለባቸውም።

አጎቴ፣ እንዴት ነዎት? እጅዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ?

አንድ ነገር ልለምንዎ። የመዳፍ ያህል ጨርቅ ላይ፣ የፈለጉትን ጠልፈው ይላኩልኝ። ለሊና አይደለም፣ ለሽያጭም አይደለም። ለእኔ ነው። አይቸኩሉ፤ ብቻ ራስዎ ይሥሩት።

ልጅዎ ሶስና

ከቤይሩት በላይ፣ ከተራራው፤ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

በሕይወት አለሁ። አስቀድሜ እሱን ልጻፍ፤ ሌላው ይደርሳል። ሬድዮ እንደሚሰሙ አውቃለሁና ስንት ቀን እህል ሳይቀምሱ እንደዋሉ ይታየኛል። ቦምቡ ለሰፈራችን ሲቀርብ የማዳምን ቤት ዘግቼ ወጣሁ። አሁን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነን፤ የእኛ ሀገር ሴቶች፣ የሱዳን፣ ከደቡብ የሸሹ የሊባኖስ እናቶች ከነልጆቻቸው። ደብዳቤ በጎረቤት ባሉ መነኮሳት በኩል ይደርሰኛል፤ አድራሻቸውን ከኋላ ጽፌያለሁ።

ሐምሌ ላይ ለጻፍኩት መልስ አልሰጡኝም። ተናደውብኝ እንደሆነ ብዬ አሰብኩ። እንግዲህ ሞት ካጠገቤ ካለፈ በኋላ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልም።

ኮሌታዎቹን ገልብጬ አይቻለሁ። የእርስዎ ጥልፍ ፊቱና ጀርባው አንድ ነው፤ እነዚያ ግን ጀርባቸው ነጭ ክር ነው፣ ከሥሩም ወረቀት የመሰለ ስስ ጨርቅ ቀርቶበታል። የመኪና ሥራ ናቸው። ለሊና አልሰጠኋትም። «ገና አልደረሱም» እያልኩ አራት ጊዜ ዋሸኋት። በስምዎ ካርድ ጽፋ እንድታንጠለጥልባቸው አልፈለግኩም፤ ውሸት መሆናቸውን ነግሬ ስምዎን ማዋረድም አልሆነልኝም።

ሸሽቼ ስወጣ ግን ከማዳም ቀሚሶች ጋር ይዣቸው ወጣሁ። እዚህ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ልጆቹ ያለ ሹራብ ነው የመጡት። ከማዳም ቀሚሶች ወፍራም ወፍራሙን ቆራርጬ የአንገት ልብስ ሰፋሁላቸው፤ ጫፍ ጫፉን በኮሌታዎቹ ያዝኩት። ሃያ ልጅ የወይን ሐረግ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በግቢው ሲሯሯጥ ቢያዩት! ሃያ አንደኛ ሆና ያልደረሳት አንዲት ትንሽ ልጅ ሌላ እስከሚሰፋላት ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር።

አልተቀየምኩም። ብቻ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ሆነው ነው?

ሶስና

ሰቆጣ፤ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ፣ ለዓይኔ ለሶስና፤

ከእሳት መካከል ያወጣሽ አምላክ ስሙ ይክበር። ይህን የሚጽፍልሽ ሀይሉ ነው። አዎ፣ ያው ሀይሉ። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ልጄ፣ አላይም። ከሁለት ዓመት በፊት ጭጋግ ብሎ ጀመረኝ። የጧት ጭጋግ ነው፣ ይገፈፋል አልኩ። ያመሰገናችሁልኝ ሰማያዊ ቅጠል ድፍረት አልነበረም፤ አረንጓዴ መስሎኝ ነው። ሃያ ሥራ ስትይኝ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ያቺ ሙሽራ ስሜን በቦርሳዋ ይዛ ሄደች ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ እኔም ሰው ነኝ፣ ልቤ አበጠ። አራቱን ጨረስኩ። አምስተኛው ላይ መርፌው ጣቴን እንጂ ጨርቁን አላገኝ አለ።

አንድ ቀን ሙሉ ደጄ ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ከዚያ መንገዱን ተሻግሬ ሀይሉ ሱቅ ገባሁ።

«ምን ፈልገው መጡ?» አለኝ።

«ነፍስ የለውም ያልኩትን መኪናህን።»

«ምን ሊያደርጉት?»

«አሠራኝ። አላይም ሀይሉ።»

አልሳቀብኝም። ወንበር ሰጠኝ። ሐረጉን በከሰል፣ በጣቴ እየለካሁ፣ ትልቅ አድርጌ ሳልኩለት፤ እሱ አስተካክሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባው። በሁለት ቀን ሃያውንም ጨረሰ። አራቱን የእጄን ሥራ ከሌላው አይመሳሰልም ብዬ አስቀረሁት። የድካምህን ልክፈልህ ብለው፣ «ሰላምታዬን ይመልሱልኝ፤ ሌላ አልፈልግም» አለኝ።

ለአንቺ መንገር አልቻልኩም። በስንት መከራ ያገኘሽውን ሥራ በእኔ ሐሰት ላይ አቆምኩት። የሐምሌውን ደብዳቤሽን ሀይሉ ሲያነብልኝ፣ «ዓይንዎስ?» የምትለው ላይ ሲደርስ ገልብጠሽ እንዳየሽ ገባኝ። ያፈርኩት ዓይነ ስውር በመሆኔ አይደለም። ልጄ አውቃብኝ ዝም በማለቷ ነው። ለዚያ መልስ አጣሁ። ጦርነቱን ስሰማ ግን ያልመለስኩት ደብዳቤ ደረቴ ላይ እንደ ድንጋይ ተቀመጠ።

(ይህን ጋሽ የኔሰው አላሉም፤ እኔ ሀይሉ ነኝ የጨመርኩት። የዓይን ሞራ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይድናል ተብሏል። በጥቅምት ሐኪሞች ለዘመቻ መጥተው ነበር፤ ሁለት ቀን ተሰልፌ ተራ ያዝኩላቸው፣ ጨርሶ እምቢ አሉ። በመጋቢት ይመለሳሉ። እባክሽ አንቺ ንገሪያቸው።)

ሀይሉን ምን እየጫርክ ነው ብለው፣ «ነጥብ እያስገባሁ ነው» አለኝ። የረዘመች ነጥብ ናት።

የመዳፍ ያህሉን ጨርቅ ልኬልሻለሁ። ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገባልኝ ሀይሉ ነው፤ ሌላውን እኔው በዳበሳ ነው የሠራሁት። ምን እንደሚመስል አላውቅም። ሀይሉን ጠይቄው «ጥሩ ነው» አለኝ፤ ድምፁ ግን የሚዋሽ ሰው ድምፅ ነው።

ይቅር በይኝ።

አጎትሽ የኔሰው

ቤይሩት፤ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንኳን ለበዓለ ጥምቀቱ አደረስዎ። ተኩሱ ቆሞ ወደ ከተማ ተመልሰናል። የማዳም ቤት መስኮቱ ረግፏል፤ ግድግዳው ግን ቆሟል።

ጨርቁ ደርሶኛል። ጠማማ ነው፣ አጎቴ። ሐረጉ ዳገት ይወጣል፣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ይረጋገጣሉ፣ ቀይ ሊሆን የሚገባው ጥቁር ነው። ካፖርቴ ላይ ከውስጥ በኩል ሰፋሁት። ሊና አይታ ልትገዛኝ ለመነችኝ፤ አልሸጥኩላትም።

እውነቱንም ነገርኳት። ሱቋ ውስጥ ስብርባሪ መስታወት እየጠረግን ነበር። መጥረጊያውን ወርውራ «በእኔ ስም ልታስዋሹኝ!» ብላ ጮኸች።

«እንድትዋሺ ስላልፈለግኩ ነው ያልሰጠሁሽ» አልኳት።

መጥረጊያውን አንስታ የቀረውን ስብርባሪ ጠረገች። ከዚያ «ንድፉ የማን ነው?» አለችኝ።

«የአጎቴ።»

«መኪናው?»

«የሀይሉ።»

«እንግዲያው እንደዚያው ይጻፋ። የሁለት ሰው ስም ካርዱ ላይ ይበቃል።» ዋጋው ከእጅ ሥራ ያንሳል፤ ግን ትወስደዋለች። ለሀይሉ ይንገሩልኝ፤ ነጥቡንም በደንብ አንብቤያለሁ።

አሁን ይስሙኝ። እናቴ ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እርስዎን አንድም ቀን እምቢ ብዬዎ አላውቅም። ዛሬ እምቢ አልኩዎ። እኔ የምጽፈውን ራስዎ በዓይንዎ እስከሚያነቡት ድረስ ከዚህ በኋላ አንድ መስመር አልጽፍም። ለሀይሉም አልጽፍም። ጨክኜ አይደለም። ሌላ የማስፈራራበት ነገር ስለሌለኝ ነው።

ልጅዎ ሶስና

ሰቆጣ፤ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶስና፤

የትንሣኤው ብርሃን አንቺም ዘንድ ይድረስ። ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። ሀይሉ ከጎኔ ቆሞ «ነጥብ ላስገባ?» ይለኛል፤ ከልክዬዋለሁ።

ለምን እምቢ እንዳልኩ ልንገርሽ። ጭጋግ እስከሆነ ድረስ አንድ ቀን ይገፈፋል ይባላል። ቢላ ነክቶት ካልበራ ግን ከዚያ በኋላ ምን ተስፋ አደርጋለሁ? ይህ ነበር ፍርሃቴ። ያንቺ ዝምታ ግን ከጨለማው ባሰብኝ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት ገባ፤ ከወልድያ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ሀይሉን እልከዋለሁ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። በመጨረሻ «ና ውሰደኝ» አልኩት።

ሐኪሞቹ ዓይኔን ከሠሩት በኋላ አጠገቤ የተኛችው ከአበርገሌ የመጣች ሴት ነበረች። በማግስቱ ፋሻዋ ሲፈታ በኽምጣና ቋንቋ እየጮኸች የገዛ እጇን እያገላበጠች ታያለች። «እንዲህ አርጅቼያለሁ እንዴ?» ትላለች፤ ሳቅና ለቅሶዋ አንድ ላይ ነው። ቀጥሎ የእኔ ተፈታ። መጀመሪያ ያየሁት ሀይሉን ነው። ልጅ እግር ነው ብዬ ስንቀው የኖርኩት ሰው፣ ለካ ጢሙ ሸብቷል! አምስት ዓመት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ ሱቁ ሄጄ ሥራውን ገለበጥኩት። ጀርባው አሁንም አያምርም፤ ነግሬዋለሁ። ፊቱ ግን ያምራል፣ ሶስና። የቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ኮረዳ የእኔን ሐረግ በሀይሉ መኪና የተጠለፈ ለብሳ አለፈች፤ ስትራመድ ወይኑ አብሯት ይንቀሳቀሳል። ከዓይኔ እስክትሰወር ቆሜ አየኋት። አሁን እኔ እስላለሁ፣ እሱ ይጠልፋል። ቀኝ ዓይኔ ብቻ ነው የተሠራው፤ ግራው በጥቅምት ነው።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ እንደገና ራሴ አነበብኳቸው። መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስተሽ ማስቀመጥሽን፣ ማዳምን አልብሰሽ መቅበርሽን፣ ትምህርት ቤት ወለል ላይ መተኛትሽን። ሀይሉ ሲያነብልኝ የሰማሁት ወሬ ነበር፤ ራሴ ሳነበው ግን የእጅሽን ጽሑፍ አየሁት። የመስከረሙ ላይ ፊደሎችሽ ይንቀጠቀጣሉ።

ልጄ፣ ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለመሳፈሪያሽ በሬውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ነይ ለማለት አፍ አልነበረኝም፤ የሰባት ዓመት ልፋትሽን ከንቱ የማደርግብሽ ይመስለኝ ነበር። ክር ላኪ፣ መርፌ ላኪ እያልኩ ስጽፍልሽ የኖርኩት ሌላውን ላለመጻፍ ነው። ዛሬ ግን ክር አልፈልግም። መርፌም አልፈልግም።

ነይ።

አጎትሽ የኔሰው

ቤይሩት፤ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

ደብዳቤዎን ማንበብ የጀመርኩት ሊና ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው፤ የጨረስኩት ወለሉ ላይ ተቀምጬ። ሊና የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏት ውኃ ይዛ መጣች። «ምን ይላል?» አለችኝ። ተርጉሜ የምነግራት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች።

የማዳም ልጆች ከአገር የመውጫ ወረቀቴን ፈርመው ሰጥተውኛል፤ ትኬትም ቆርጫለሁ። ሰኔ 12 አዲስ አበባ እገባለሁ፤ እሑድ ሰኔ 15 ከወልድያው አውቶቡስ እወርዳለሁ። የማዳምን ቀሚሶች የቀሩትን ይዤ ነው የምመጣው። ለሀይሉ ይንገሩት፤ እኔና እሱ ስለ ጀርባው ጉዳይ የምንነጋገረው አለን።

አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅዎ። ስሄድ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከስቻለሁ፤ ከፊት በኩል ፀጉሬ ሸብቷል፤ ግራ እጄ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ፤ እሱን አልጻፍኩልዎም ነበር። ከአውቶቡሱ ብዙ ሴት ይወርዳል። ቶሎ ካልለዩኝ አይደንግጡ፤ በተሠራው ዓይን ቀስ ብለው ይፈልጉኝ። እኔ ካየሁዎ ቦታ አልንቀሳቀስም።

ልጅዎ ሶስና